ዝም ሲባል የሚድነው ማሽን

ጋሽ ጆሮ ደረጃውን ጨርሶ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ብቅ ሲል፣ እሱ በመጣ ቁጥር የሚሆነው ነገር ሆነ። ባለቤቱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሁለት ጊዜ አጨበጨበና «በሉ ዝም! ጋሽ ጆሮ መጥተዋል!» አለ። ባነር ጠርዝ ላይ የብረት ቀለበት የሚመታው ሠራተኛ መዶሻውን አስቀመጠ። ስቲከር ላይ ላስቲክ የሚያለብሰው ማሽን ጠፋ፣ ሬዲዮው ጠፋ፣ መስኮቱ ተዘጋ። ከትልቁ ማተሚያ በስተግራ የቆመው ረጅም ቬንትሌተር ሁለት ሦስት ጊዜ በስንፍና ዞሮ ቆመ። ሥራ ሊያዝዝ የመጣ አንድ ደንበኛ እንኳ ማንም ሳይነግረው የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። ለቅሶ ቤትም እንዲህ ያለ ጸጥታ አይገኝም።

ጋሽ ጆሮ ይህን ጸጥታ ይወደዋል። ለምን እንዋሻለን፣ ይኮራበታልም። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አራቱን ትልልቅ ማተሚያ ማሽን ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ሌሎች ጠጋኞች መለኪያና ሽቦ ተሸክመው ይዞራሉ፤ የእሱ ዋና መሣሪያ የእንጨት እጀታ ያለው አሮጌ ካቻቢቴ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ብረት ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን ቀኝ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል። ከዚያ በጣቱ ምልክት ሲሰጥ ማተም ይጀመራል። የትኛው ኩሽኔታ እንደደረቀ፣ የትኛው ብሎን እንደላላ ብረቱ ራሱ ሹክ ይለዋል።

ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና ወጣት ሳለ ነው። አራት የጋዜጣ ማተሚያዎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ እየጮኹ፣ ሠራተኞቹ በጥቅሻና በእጅ ምልክት ብቻ በሚግባቡበት ቦታ፣ እሱ በሩን ሲያልፍ ቆም አለና «ሦስተኛው ሥር አንድ ኩሽኔታ ሊሰበር ነው» አለ። ሳቁበት። በማግስቱ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮ ሆነ፤ ፀጉሩ ሲሸብት ደግሞ «ጋሽ» ተጨመረለት።

«ምን ሆነች?» አለ አሁን በሹክሹክታ።

«ሥዕል ትሰብራለች» አለችው ኦፕሬተሯ። ይህን ማሽን ከመጣ ጀምሮ የምታሠራው እሷ ናት፤ አርባ ዓመት የሆናት፣ ከጣቶቿ ጫፍ ሰማያዊ ቀለም የማይጠፋ ዝምተኛ ሴት።

ማሽኑ ወርዱ ሦስት ሜትር ነው። ባነሩ ከኋላ ከጥቅሉ እየተፈታ፣ በሮለር እየተሳበ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይወጣል። ከላዩ ደግሞ ሄድ የሚሉት ቀለም የሚረጨው ሳጥን ሐዲዱን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል። ጤነኛ ሲሆን ድምፁ ወለል የሚጠርግ መጥረጊያ ነው። ሰሞኑን ግን በሥራ መሃል «ተክ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚታተመው ሁሉ በግማሽ ጣት ወደ ጎን ይሸሻል፣ ፊደሉ ከወገቡ ይሰበራል። ባለቤቱ ግድግዳው ሥር የተጠቀለለ አንድ የተበላሸ ባነር ፈታ አድርጎ አሳየው። የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ነው። አንዲት ቆንጆ ሴት ትስቃለች፤ የላይኛው ጥርሷ የራሷ ነው፣ የታችኛው የጎረቤት ይመስላል።

«ሐኪሙ አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?» አለ ባለቤቱ። «‹ሳላክማት በፊት የነበረውን ፎቶ ነው እንዴ ያተማችሁት?›»

ቀለበት መቺው ሳቁን በእጁ አፈነ። ጋሽ ጆሮ እጁን አነሳ፤ ጸጥ አሉ። ካቻቢቴውን አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በጣቱ ምልክት ሰጠ።

እሽሽ፣ እሽሽ፣ እሽሽ። መጥረጊያው ወለሉን ጠረገ። አሥር ሜትር ባነር ወጣ፤ እንከን የለውም። ተክ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ጆሮ በግራ በኩል አዳመጠ፣ በቀኝ በኩል አዳመጠ፣ ከሥር ተንበርክኮ አዳመጠ። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ባዶ እጁን ላለመውጣት ያህል ሄዱን የሚጎትተውን ቺንጋ ጠበቅ አደረገውና ኮቱን ለበሰ። ባለቤቱ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘው።

የመንገዱ ጫፍ ሳይደርስ ስልኩ ጠራ።

«ጋሼ፣ ሰበረች!»

ይህ ሰኞ ነው። ረቡዕ ተመልሶ ሄደ። አሁንም ጭብጨባው፣ አሁንም ዝምታው። ማሽኑ አሁንም እንደ ጨዋ ልጅ አተመ። ጋሽ ጆሮ ግራ ገባው፤ ግራ መግባቱ ግን ፊቱ ላይ እንዲታይ አልፈለገም። ከሄዱ ሥር አንድ ነገር የሰማ መሰለው። እውነቱን ለመናገር አልሰማም፤ ሰማሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። ሁለቱን ኩሽኔታዎች አውልቆ በአዲስ ተካቸው። የወለቁትን በመዳፉ ላይ ሲያሽከረክራቸው ከአዲሶቹ አይተናነሱም ነበር። በችኮላ ኪሱ ከተታቸው። ማታ ሚስቱ ኮቱን ስታንጠለጥል ኪሱ ውስጥ አግኝታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። 

ዓርብ ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩት። ያን ቀን ያልነካው ነገር የለም። ሐዲዱ ቀጥ ማለቱን በክር ለካ። ሄዱ የት እንደደረሰ የሚያነብባትን ቀጭን ግልጽ ላስቲክ በአልኮል ጠረጋት። ባነሩን የሚጫኑትን ትንንሽ ሮለሮች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ገፋቸው። የማሽኑ እግሮች ወለሉ ላይ እኩል መቀመጣቸውን በሆዱ ተኝቶ አየ። ሁሉም ደህና ነው። ከታች ያለው አናጢ መጋዙን ሲያስጮህ ባለቤቱ ደንግጦ ሰው ላከበት፤ «ጋሽ ጆሮ እያዳመጡ ነው» ሲባል አናጢውም መጋዙን አቆመ። ማሽኑ ሃያ ሜትር አተመ፤ አንዲት ፊደል አልተሰበረችም።

«ይቺ ማሽን እሳቸውን ትፈራለች» አለ ቀለበት መቺው። «ፎቷቸውን ራሷ ላይ አትመን ፊት ለፊቷ እንስቀለው።»

ባለቤቱ በዚህኛው ቀልድ አልሳቀም። ጋሽ ጆሮን ወደ በሩ ወሰደውና የሸሚዙን እጅጌ እያፍተለተለ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎ ሲሄዱ እንደገና ከሰበረች… ያ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣው ሰውዬ አለ አይደል? እሱን ልጠራው ነው። ማሽኗ ላይ ሰክቶ ሁሉን ነገር ያነባል ይላሉ። እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ።»

«ጥራው» አለ ጋሽ ጆሮ። «ማን ያዘህ?»

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ነገሩ አሳስቦታል። በዚያ መንገድ ላይ አሥራ አንድ ማተሚያ ቤቶች አሉ፤ አንዱ የሚያደርገውን ሌላው በማግስቱ ያደርጋል። ላፕቶፑ እዚህ ከገባ በሁሉም ገባ ማለት ነው። ግን እሱ ብቻ አልነበረም የከነከነው። ሥራ ቢያጣ ልጆቹ ደርሰዋል፣ የሚበላው አያጣም። የፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ደግሞ ለራሱም ጮክ ብሎ አልተናገረውም።

አባቱ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። በስልሳ ዓመቱ ጆሮው ሄደ። አልሰማሁም ማለት ግን አሳፈረው፤ ስለዚህ ሰው በተናገረ ቁጥር ፈገግ እያለ ራሱን መነቅነቅ ለመደ። አንድ ቀን ታናሽ እህቱ ማረፏን ሊያረዱት መጡ። ሽማግሌው ንግግሩን እስከ መጨረሻው ተከታተለና ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ጆሮ ያኔ አጠገቡ ነበር። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፋችም።

ስለዚህ የዚያን ዓርብ አመሻሽ ቤቱ ሲገባ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «እስቲ የኔ ጆሮ እንዴት ነው?» አለ።

ሚስቱ ዕቃ እያጠበች ነበር። ሲገባ እንዳየችው እንደ ልማዷ ቧንቧውን ዘጋች። ይህን ልማዷን ይወድላታል፤ ባሏ ሲመጣ ሥራዋን ትታ የምታናግር ሴት ዛሬ የት አለች ይላል።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ምንም። ደህና ይሰማል ወይ ነው የምልሽ።»

ትንሽ አየችው። «አንተ የፈለግከውን ትሰማለህ» አለችና ሳቅ አለች።

ቀልዱ አላጠገበውም። መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ አልጋው ላይ አስቀመጠው። አንድ እርምጃ ሸሽቶ አዳመጠ፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። በሩ ድረስ ሸሽቶ አዳመጠ፤ ቀጭ ቀጭ። ፊቱን አዙሮ፣ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ ከዚያ ሌላውን ደፍኖ ሞከረ። በሁለቱም ይሰማል። አንጀቱ ራሰ። ሰዓቱን መልሶ ሰቀለው።

ግን ደስታው እራት እስኪቀርብ አልቆየም። ጆሮው ደህና ነው። ማሽኑ ደህና ነው። ባነሩ ግን ይሰበራል። ከሦስቱ አንዱ ይዋሻል፤ የትኛው? ቅዳሜና እሑድን ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ከረመ። ሚስቱ ስታናግረው ሁለት ጊዜ «እ?» አለ፤ ሐሳብ ስለያዘው ነው ብሎ አለፈው።

ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ሲደርስ ካቻቢቴውን ሳያወጣ ወንበር ሳበና ማሽኑ ፊት ተቀመጠ።

«ዛሬ ዓይኔ እያየ ካልሰበረች አልሄድም» አለ። «እሷ ትሰለች ወይ እኔ።»

የሚጠፋው ሁሉ ጠፋ። አናጢውም ከታች አቆመ። ኦፕሬተሯ ረጅም ሥራ ጫነች። አንድ ሰዓት አለፈ። ቀለበት መቺው እጁን አጣጥፎ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ደንበኞች እየገቡ በምልክት ተነጋግረው ወጡ። ባለቤቱ ሰዓቱን አየ፣ ጋሽ ጆሮን አየ፣ መልሶ ሰዓቱን አየ። ሁለት ሰዓት ሞላ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ክፍሉ በቀለም ሽታ ታፈነ። የታተመው ባነር እየተጣጠፈ ወለሉ ላይ ተከመረ፤ ሁሉም ጽድት ያለ ነው።

ጋሽ ጆሮ አሁን በእውነት ግራ ገባው። ምን ዓይነት ጉድ ነው? ብረት ሰው ለይቶ ያውቃል? እሱ ሲመጣ እየዳነች እሱ ሲሄድ የምትታመም ማሽን ማን አይቶ ያውቃል? ምናልባት ድምፁ አለ፣ እሱ ብቻ ነው የማይሰማው። ግን ባነሩም እኮ አልተሰበረም! ካቻቢቴውን ከጆሮው አነሳ፣ አየው፣ መልሶ ለጠፈው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ያኔ ነው ኦፕሬተሯ ሁለት ጣቷን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ የመጣችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ… ቬንትሌተሩን ትንሽ ልክፈተው? ሽታው ራሴን ሊያፈነዳው ነው። ባለፈው ወር የገዙትም እኔ ስላመመኝ ነው።»

ፊቷ ገርጥቷል። አዘነላት። «ክፈቺው ልጄ፣ ክፈቺው። እኔስ ምን ሰማሁ ብዬ ነው» አለ።

ቬንትሌተሩ ተነሳ፣ ፈጠነ፣ ጮኸ። የማሽኑ ድምፅ ከጋሽ ጆሮ ጆሮ ላይ ጥርግ ብሎ ጠፋ። እጀታውን የበለጠ አጥብቆ ተጫነው፤ ከቬንትሌተሩ ጩኸት ሌላ የሚሰማው ነገር የለም። የሚያዳምጠው ሲያጣ ለሠላሳ ዓመት ያላደረገውን አደረገ። ማሽኑ እየሠራ ዓይኑን ገለጠ።

የባነሩ የግራ ጠርዝ ብድግ አለ። በጣም ትንሽ ነው፣ ከሁለት ጥፍር አይበልጥም። ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ከፍ አደረገው፣ ለቀቀው፣ እንደገና ከፍ አደረገው። ሄዱ ከቀኝ እየመጣ ነበር። ጋሽ ጆሮ አፍጥጦ ጠበቀው። የሄዱ ሆድ የተነሳውን ጠርዝ ገጨው፣ ባነሩ በግማሽ ጣት ወደ ጎን ተገፋ፣ ሄዱም ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጠለ።

«ይኸው!» ብላ ጮኸች ኦፕሬተሯ። «ሰሙት?»

«ተክ አለች!» ቀለበት መቺው ከጥጉ ዘሎ ተነሳ።

«እኔም ሰማሁ፣ እዚህ ድረስ!» አለ ባለቤቱ ከጠረጴዛው።

ጋሽ ጆሮ ከሦስቱም ይልቅ ቅርብ ነበር። ሄዱ ጠርዙን ሲመታው አይቷል፣ ከክንዱ አይርቅም። ምንም አልሰማም።

«አጥፊው» አለ። ጠፋ፤ ጠርዙ ተኛ፤ ባነሩ ጽድት ብሎ ወጣ። «ክፈቺው።» ጠርዙ ተነሳ። «አጥፊው። ክፈቺው።» ሦስት ጊዜ አስደገማት። ሌሎቹ በሽታውን እያረጋገጠ መሰላቸው። በሽታውንማ በመጀመሪያው አውቆታል። አሁን የሚመረምረው ሌላ ነው። ዓይኑን ከማሽኑ ነቅሎ እነሱን ያይ ነበር። ሦስቱም ትከሻቸው በአንዴ እንጣጥ ሲል ተክ ማለቷን ያውቃል። እሱ ዘንድ ጩኸት ብቻ ነው፤ ወጥ የሆነ፣ ቀዳዳ የሌለው ጩኸት።

መፍትሔው ሲገኝ ከቅለቱ የተነሳ ያሳፍር ነበር። «የባነሩን ጠርዝ ተጭነው የሚይዙ ሁለት ቀጫጭን ቆርቆሮዎች ነበሩ፣ የት አሉ?» አለ። ኦፕሬተሯ መሳቢያ ከፍታ ከመቀስና ከተረሳ የስልክ ቻርጀር መሃል አወጣቻቸው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚያ ናቸው፤ ሰፋ ያለ ጥቅል ሲመጣ ስላስቸገሩ ተነቅለው ቀሩ። ቬንትሌተር እስኪገዛ ድረስ ማንም አልፈለጋቸውም። ጋሽ ጆሮ በቦታቸው ገጠማቸው፣ ቬንትሌተሩንም ነፋሱ ከኦፕሬተሯ ጀርባ እንዲመጣ አዞረው። ሁሉ ነገር ተከፈተ። ሬዲዮው ዘፈነ፣ መዶሻው ተነሳ፣ ባነሩ ሳይሰበር ወጣ።

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። ማሽኗ ሰው አትፈራም። እሱ ሲመጣ ሁሉን ያጠፉለታል፤ ሲያጠፉለት በሽታው አብሮ ይጠፋል። ሐኪሙ ራሱ በገባ ቁጥር በሽተኛዋን እያዳነ፣ ሲወጣ እያሳመማት ከረመ ማለት ነው። አንድ ሰው እንኳ «በሽታው እኛ የምናጠፋው ነገር ቢሆንስ?» ብሎ አልጠየቀም። እኛም ብንሆን አንጠይቅም ነበር፤ ጋሽ ጆሮ እያዳመጠ አፉን የሚከፍት ማን ነው?

ባለቤቱ በደስታ እቅፍ አደረገው። «ድሮስ! በቬንትሌተር ጩኸት መሃል ሰሙት! ላፕቶፑን እንኳን አልጠራሁት! ጆሮ ማለት እንዲህ ነው!»

ጋሽ ጆሮ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ማንም እንደማያውቅበት ገባው። ዝም ቢል ስሙ ስሙ ነው፤ አሥራ አንዱም ቤት እስከ ማታ ይሰማል። በውስጡ እፍረትና እፎይታ ተደባልቀው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። አፉን ዘጋውና መሣሪያውን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረ።

ኦፕሬተሯ ከማሽኑ ማዶ ሆና ስታየው ነበር። አንድ ነገር አለችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ሳያስበው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ እጁ ቦርሳው ላይ ደረቀ። ያንን ፈገግታ ያውቀዋል። የአባቱ ነው።

እሷ ማሽኑን ዞራ መጣችና ጆሮው ሥር ቆመች። «ለምን ፈገግ አሉ ጋሼ? እኔ ‹አልሰሙትም አይደል› ነው ያልኩት።»

ይህችኛዋ ጥርት ብላ ገባችው።

«አልሰማሁትም ልጄ» አለ። «አንዴም አልሰማሁትም። ትከሻችሁን እያየሁ ነው።» ቀጥሎ፣ ተቆጥቶ ማለት ይቻላል፣ «አንቺስ ከቬንትሌተሩ ጋር ስትውዪ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ምን አውቄ? ማሽኑና ቬንትሌተሩ አብረው ነው የሚከፈቱት፣ አብረው ነው የሚጠፉት። ደግሞስ እርስዎ ሲያዳምጡ ማን ይናገራል?»

  እጁን ይዛ የሐዲዱ ጫፍ ላይ አሳረፈችው፣ በሌላ እጇ ቆርቆሮውን ፈታ አድርጋ የባነሩን ጠርዝ በጥፍሯ ቅንጣት ያህል ከፍ አደረገች። ሄዱ መጣ። መዳፉ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ቆረቆረው።

«ይቺ ናት» አለች።

«ተይ እባክሽ፣ ሄዱን ትጎጂዋለሽ!» ብሎ ጮኸባት። እጁን ግን አላነሳም።

ሲወጣ ባለቤቱ በሩ ላይ «ሌላ ጊዜም ሲመጡ ዝም አሰኝቼ እጠብቅዎታለሁ» አለው።

«ዝም እንዳታሰኝ» አለ ጋሽ ጆሮ። «ከዛሬ ጀምሮ ስመጣ ምንም እንዳታጠፉ። መጀመሪያ የምጠይቀው ኦፕሬተሯን ነው። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።»

ባለቤቱ ቀልድ መስሎት መሳቅ ጀመረ፤ ፊቱን ሲያየው አቋረጠ። አሁን ግራ የተጋባው እሱ ሆነ።

ደረጃውን እየወረደ ጋሽ ጆሮ ወደ ኋላ መቁጠር ያዘ። በዚያ የጋዜጣ ማተሚያ አዳራሽ ውስጥ አራት ማሽን እየጮኸ ኩሽኔታዋን ሲሰማት፣ ማንን ዝም በሉ አለ? ማንንም። ታዲያ መቼ ነው የጀመረው? መጀመሪያ ሬዲዮ ብቻ ነበር የሚያስጠፋው፤ ሬዲዮ ያናድዳል ብሎ። ከዚያ መዶሻው። ከዚያ የስቲከሩ ማሽን። ከዚያ መስኮቱ፣ አሁን አዲሱ ቬንትሌተር፣ በቀደም ደግሞ ምስኪኑ አናጢ። የሥራ ጥንቃቄ እየጨመርኩ ነው ይል ነበር። ሰዎቹም እንደ ማዕረግ ቆጥረው ከዓመት ዓመት ይጨምሩለት ነበር። እግሩ ደረጃው ላይ ቆመ፤ የብረቱን መደገፊያ ያዘ።

አናጢው ከታች ራሱን ብቅ አደረገ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ በእጁም መጋዙን አሳየው። ጋሽ ጆሮ አጠገቡ ድረስ ወረደ።

«ምን አልከኝ?»

«መሰንጠቅ እንችላለን ወይ ነው ያልኩት ጋሼ።»

«ሰንጥቁ፣ ሰንጥቁ» አለው። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሚስቱ ማጀት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች፤ ውሃው ሳህኖቹ ላይ ይንፏፏል። ዞር ስትል አየችው። እጇ ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ዘጋችው።

«እንዴት ዋልክ?» አለች ከዚያ።

በሩ ላይ እንደቆመ እጇን ያይ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«ቧንቧውን ዘግተሽ የምታናግሪኝ።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ከጠረገች በኋላም መጥረጉን አልተወችም። «ሦስት ዓመት ይሆነዋል» አለች።

«ሦስት ዓመት! ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር» አለች። «ውሃው ክፍት ነበር።»

ጋሽ ጆሮ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ሄደና ቧንቧውን መልሶ ከፈተው። ከዚያ ትከሻዋ ሥር ጠጋ ብሎ ቆመ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን ፊቷን እያየ «በይ እንደገና ንገሪኝ» አላት።